ወረቀቱ ስለተላጠው የፀጉር ቅባት

ለተከበሩ የከተማችን የመዋቢያ ዕቃዎች ቁጥጥር ኃላፊ፣
አሰላ

በዚህ የጭላሎ ብርድ እርስዎም ወንበርዎም እንደምን ሰነበታችሁ? አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ የእኛን ጤና እንዲያዩልን ደግሞ የተሾሙት እርስዎ ነዎት።

እኔ ከገበያው በር ፊት ለፊት የኮስሞቲክስ ሱቅ ያለኝ ፈይሩዛ ነኝ። ነቢላ የምትባለው ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ያለ ዕድሜዋ የኮረዳነት ምልክት አየሁባት። በሰባት ዓመቷ! ዶክተር ሳምራ አንዳንድ ቅባት ውስጥ የሚገባ ኬሚካል የሰውነትን ሆርሞን እንደሚያዛባ ነገረችኝ፤ የነቢላ ከዚያ ይሁን ከሌላ ለመለየት ግን ምን እንደተቀባች መታወቅ አለበት አለች። ስለዚህ ደጅዎን ጠናሁ፤ ምስጋናዬም እነሆ።

አንደኛ፤ ተቆጣጣሪዎችዎ በዓመት ሁለት ጊዜ ሱቄን ስለሚጎበኙልኝ አመሰግናለሁ። ንግድ ፈቃዴ ቀጥ ብሎ መሰቀሉን አይተው፣ የታፔላዬን ቀለም ተችተው ይሄዳሉ እንጂ የምሸጠውን የፀጉር ቅባት ባልዲ ከፍተው አሽትተው እንኳ አያውቁም። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ሁለተኛ፤ ይመርመርልኝ ብዬ ባልዲውን በባጃጅ ጭኜ ሦስት ጊዜ ስመላለስ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በአራተኛው መለያ ወረቀት የሌለው ዕቃ አንቀበልም አሉኝ። እውነትዎን ነው። ወረቀቱን የላጥኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ከየት እንደማመጣው አይቶ እንዳይቀድመኝ፣ ባልዲው ሱቅ እንደገባ ወረቀቱን ሳላነበው በሙቅ ውሃ አርሼ እልጥና ቅባቱን በትንንሽ ብልቃጥ እየገለበጥኩ እሸጥ ነበር። በገበያችን ይህን ያላደረገ ካለ እጁን ያውጣ። ዛሬ ሐኪሟ ምን ቀባሻት ስትለኝ የማሳያት ስሙ የጠፋ ባልዲ ብቻ ነው።

ሦስተኛው እርስዎን አይመለከትም፤ ራሴን የምከስበት ሌላ ቢሮ ስላጣሁ ነው። ከጢቾ ድረስ ቅቤ ይዘው የሚመጡ እናቶች ቅቤያቸውን ሸጠው በዚያው ብር የእኔን ቅባት ለልጆቻቸው ይገዙ ነበር። ቅቤ ይሸታል እያልኩ ያስተውኳቸው እኔ ነኝ። ሲያመነቱ ነቢላን ጠርቼ ሹሩባዋን አስዳስሳቸው ነበር፤ የገዛ ልጄን የምቀባት ነው ስል ማን ይጠራጠራል? ልጄን ማስታወቂያ አደረግኳት። አፈር ልብላ! የእነዚያን ልጆች ስም አላውቅ፣ ቤታቸውን አላውቅ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል፤ ይበሉኝ። ሱቄንም ያሽጉት። ብቻ የቀረው ግማሽ ባልዲ ይመርመር፤ በገበያ ቀን በማይክራፎን ለእናቶቹ የምናገርበት ፈቃድም ይሰጠኝ።

ከስብሰባ ወጥተው ይህን የሚያነቡበት ፋታ እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ ታላቅ አክብሮቴን ከነባልዲው የማቀርብልዎ፣
ፈይሩዛ ቱፋ

የተረሳ ነገር፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ለትንሿ ልጅዎ ሦስት ብልቃጥ ወስደዋል። ባለፈው ሳምንት ሊጨምሩ ሲመጡ አልቋል አልኳቸው እንጂ የማልሸጥላቸውን ምክንያት አልነገርኳቸውም። እባክዎ ዛሬ ቤት ሲገቡ ይድፉት፤ ወረቀት የለውም ብለው አይለፉት።