የክርስትና ስሜን ሲጠይቁኝ

የካቲት 9፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

አሁን ምሳ በላሁ። ሽሮ በተልባ። አከራዬ እማማ የሺ ክዳን ደፍተው በራፌ ላይ አስቀምጠውልኛል፤ መጾሜን ሰምተው እየመረቁኝ። ደብተሬ፣ እኔ መች ጾምኩ? የምሠራበት ጤ/ጣቢያ የላብራቶሪ ወረፋ በዝቶብኝ ሳልበላ ዋልኩ እንጂ። አልጋዬ ሥር ከትናንቱ ቅበላ የተረፉ አራት እንቁላሎች አሉ። ቢጣሉ ነውር፣ ቢቀቀሉ ይሸታሉ። በጋዜጣ ሸፈንኳቸው።

ግቢው ሲፈተግ ዋለ። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሰሃኑ፣ ሁሉም በአመድ። የቅቤ ሽታ እንዳይቀር። እኛ አገር፣ ወላይታ፣ አመዱ የሚቀባው ግንባር ላይ ነው። የካቶሊክ ጾም በሚገባበት ረቡዕ፣ በአባ እጅ። እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ግን ካቶሊክ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እኔም ካቶሊክ ከተባልኩ ነው። ከተናዘዝኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ።

የካቲት 11፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ሞኝ ነኝ። ከእ/የሺ የአመድ ጣሳ ቆንጥሬ ወሰድኩ። ክፍሌን ዘግቼ በራሴ አውራ ጣት ግንባሬ ላይ መስቀል ሠራሁ። ለራስ መቀባት ይፈቀዳል? አላውቅም። እንባዬ መጣ። እሱም ለምን እንደመጣ አላውቅም። ስድስት ዓመት ትዝ ያላለኝ ነገር ዛሬ ከየት ተነሣ?

ረስቼው ወጣሁ። እ/የሺ ጥላሸት መስሏቸው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ሥራ ሄድኩ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ከእንቁላሎቹ ተገላገልኩ። ለባለሱቁ ለጋሽ ሰይድ፣ ለማፍጠሪያ ሰጠኋቸው። ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ስለገቡ የከተማው ሰው ሁሉ ከንፈሩ ደርቋል። ካቶሊክ መሆኔን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሳቁብኝ። እሳቸውን አገሩ ሁሉ እስላም መሆናቸውን ያውቃል። ሰርግ ሲጠሯቸው የራሳቸውን በግ በራሳቸው ቢላ ያርዳሉ፣ ከዚያ አብረው ይጫወታሉ። አንተ ግን ከማን ጋር እየበላህ ነው አሉኝ። ተናደድኩ። ስኳር ልገዛ ነበር፣ ሳልገዛ መጣሁ።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1፡00

የቤቱ የንስሐ አባት፣ አባ ጥበቡ፣ ጸበል ሊረጩ መጡ። ቤተሰቡን በየክርስትና ስሙ ጠሩ። ገብረ ማርያም ሲሉ አንገቴን ደፋሁ።

ደብተሬ፣ ላንተም ነግሬህ አላውቅም። ገ/ማርያም አይደለሁም። የጥምቀት ስሜ ፍራንችስኮስ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቤቱን በተከራየሁ ሰሞን እ/የሺ ለጸሎት ብለው ጠየቁኝ። ይሄን ስም ከየት አመጣኸው እንዳልባል አፌ ላይ የመጣውን አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደ።

ዛሬ ባሰ። የልጃቸው የዝና ሕፃን መጋቢት 13 አርባ ቀኑ ነው። ክርስትና አባቱ እንድሆን ለመኑኝ። አባ ጥበቡም መረቁኝ። ዝና ጨቅላውን እቅፌ ላይ አደረገችው። እሺ አልኩ። እሺ ያለው ማነው? ፍራንችስኮስ ወይስ ያኛው?

የካቲት 27፣ ዓርብ

እናቴ ደወለች። ከዓርቡ የፍኖተ መስቀል ጸሎት መመለሷ ነው። ባ/ዳር ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ ወይ አለች። መንገድ ተዘግቷል አልኳት። እውነት ነው፣ በደ/ታቦር የሚያልፈው አውቶቡስ ከቆመ ሳምንቱ። ግን ክፍት በነበረ ጊዜስ ሄጄ ነበር?

የባ/ዳሩን የካቶሊክ አባ ቁጥር ሰጠችኝ። ደወልኩ። የስሙን ነገር መናዘዝ ስጀምር በስልክ ኑዛዜ የለም አሉ። መንገድ ሲከፈት ና፣ እስከዚያ የዋሸሃቸውን ሰዎች እስኪደርሱበት አትጠብቃቸው፣ ቀድመህ ንገራቸው። ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደግሜ አልደወልኩም።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

መቁጠሪያዬን አወጣሁ። መሃል ላይ ጸሎቱ ጠፋብኝ፣ ከሀ ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋብኝ። ተውኩት። ዝም ብዬ ክርስትና አባት ብሆን ማን ይጎዳል? ያው ክርስቶስ አይደል? እ/የሺ ይደሰታሉ፣ ልጁ ይጠመቃል። ግን ያን ሕፃን ታቅፌ ቄሱ ፊት ስሜን ስዋሽ ይታየኛል። ያልያዝኩትን እምነት መካድ ለምን አቃተኝ?

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ነገርኳቸው።

እ/የሺ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ካቶሊክ መሆኔን ስናገር ብዙም አልደነገጡ። ስሙ ላይ ስደርስ ግን እጃቸው ቆመ።

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጸሎት ያስጠራሁት ማንን ነው? ስትታመም የተሳልኩለትስ?»

ጎመኑን ይዘው ገቡ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

በሬ ላይ ምሳ የለም። ትናንትም አልነበረም። ክርስትና አባቱ የዝና ባል ወንድም ሆኗል። ጋሽ ሰይድ ነገሩኝ፣ ወሬው ሱቃቸው ደርሷል። ቀለለኝ? አዎ። ደግሞ አልቀለለኝም። ልጁን ፈልጌው ነበር።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡00

መንገድ ተከፍቷል። ነገ ንጋት 12 ሰዓት አውቶቡስ አለ። ሕፃኑም የሚጠመቀው ነገ ነው።

ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ሰሃን። ሽሮ። ክዳኑ እንደ ድሮው ተደፍቷል። ይቅርታ ነው? ወይስ በጾም ለእንግዳ የሚሰጥ ምጽዋት? ቆሜ በላሁት። ከዚያ ከጣሳው አመድ ዘግኜ ሰሃኑን ሽታው እስኪጠፋ ፈተግኩና በራቸውን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«ፍራንችስኮስ ነኝ።»

ነገ ባ/ዳር ለኑዛዜ እንደምሄድ በበሩ ስንጥቅ ነገርኳቸው። ሳይከፍቱ «በሰላም ግባ» አሉ። ስሙን አልጠሩትም። ከፋኝ ወይስ ደስ አለኝ፣ አልለየሁትም። ሰሃኑን ደፍ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ።

ለባ/ዳሩ አባ ኑዛዜዬን ከምን ልጀምር ስል ነበር የሰነበትኩት። ከስሜ እጀምራለሁ።