ሀያት ተሽሏታል

ውድ ባለቤቴ፣ የሀያት አባት፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ዛሬ የምጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነው።

እዚህ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ያለው ሱቃችን አልተዘጋም። መደርደሪያውን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ፤ አንተ ብትኖር እሺ አትለኝም ነበር። የከበደኝ የልጃችን ነገር ነው። ከሞትክ በኋላ ሀያት እንቅልፍ አጣች። ማንም ሳይጠራት "አቤት" እያለች ትነሳ ነበር። ቆይታ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር በትንንሽ ላስቲክ የሚሸጠውን አረቄ መጠጣት ጀመረች። ስትጠጣ የሚጠራት ድምፅ ዝም ይልላታል። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወንድምህ ነገሩ ሰው ጆሮ ሳይገባ አገር ቤት እንድልካት መከረኝ። እኔ ግን ከዓይኔ ላርቃት አልፈለግሁም።

የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ስወስዳት መጀመሪያ መጠጡን ታቁም አሉኝ። ሱስ የያዛቸውን ወደሚረዱበት ቤት ስሄድ ደግሞ መጀመሪያ አእምሮዋ ይታከም፣ ለነገሩ ልጅ አንቀበልም አሉኝ። በቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል ከአንዱ ወደ ሌላው ስንመላለስ ከኋላዬ ወገቤን ጭምቅ አድርጋ ትይዘኝ ነበር።

በመጨረሻ ቡሉክ አካባቢ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ፣ ኛቦል የምትባል ነርስ አገኘን። ጋምቤላ ስላደገች አማርኛዋ እንደኛው ነው። እሷም ትመልሰናለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ልጅሽ አንድ ሰው ናት፤ ግማሿን አክሜ ግማሿን አልመልስም" አለችኝ። ለእንቅልፉና ለድምፁ የክሊኒኩ ሐኪም መድኃኒት አዘዘላት፤ ስለ መጠጡ ኛቦል ራሷ በየሳምንቱ ታነጋግራት ጀመር።

በዒድ ሰሞን ሀያት ተመልሳ ጠጣች። ከሕክምናው የሚያባርሯት መስሎን እየፈራን ሄድን። ኛቦል ግን አልተቆጣቻትም፤ ያን ቀን ምን ሆና እንደነበር ብቻ ጠየቀቻት። ልጃችን ስላንተ ለመጀመሪያ ጊዜ አውርታ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

አሁን ትተኛለች። ትምህርቷን ቀጥላለች፤ መድኃኒቷንም ትወስዳለች። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ተቀምጣ በጁባ ዓረብኛ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ብታያት ትስቅ ነበር። ዋጋ መቀነስ የሚባል ነገር አታውቅም።

ባለፈው አርብ መቃብርህ ዘንድ መጥተን ዱዓ አደረግንልህ። ስንመለስ በእግራችን እንሂድ አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ቀልዶችህን እያነሳች አሳቀችኝ፤ እኔ የረሳኋቸውን እንኳ እሷ ይዛቸዋለች። ከእንግዲህ ቤታችን ውስጥ ስምህን ስናነሳ ድምፃችንን ዝቅ አናደርግም።

የሀያት እናት