ሰው የሌለን አገር

ሰኞ፣ መጋቢት 5፣ 2008፣ ከሰዓት

ዛሬም ያው። ከክፍል ወጥቼ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አባባ ሱቅ ጎራ አልኩ። ጨርቅ እየለካ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ ወሰንሽ ወይ አለኝ። ወስኛለሁ እኮ! የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ።

አንቺ እንኳ ስሚኝ ደብተሬ። ት/ክፍላችን የሥነ ምድር ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ውጭ ሊልከን ነው። ቱርክ፣ ህንድ ወይ ፖላንድ። እስከ ዓርብ መርጠን መፈረም አለብን። እኔ ፖላንድ። ማዕድን ማውጫ ውስጥ ወርደው የሚማሩት እዚያ ብቻ ነው። ለመስክ ትምህርት ደባርቅ ከወጣን ወዲህ ሌላ ነገር አላምረኝ ብሏል።

አባባ ግን ጥያቄው አንድ ነው፦ እዚያ ሰው አለን?

ማክሰኞ፣ 6

አጎቴ ሐሰን ለምሳ መጣ። ህንድ ሰው አለን አለ፤ የሚስቱ የአክስት ልጅ። አባባ ደግሞ ቱርክ፤ ጨርቅ የሚልክለት ሱዳናዊ ነጋዴ እዚያ አለ። አይቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩ። አያውቅም። በስልክ ነው። ግን አንድም ቀን አላታለለኝም አለ።

ፖላንድ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቱርክ ብሄድ ግን ዓመቱ በቋንቋ ትምህርት ያልቃል፣ ወደኋላ እቀራለሁ ብዬ አስረዳሁ። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቱርክ ይሻላል ህንድ እያሉ እርስ በርስ ቀጠሉ። እኔ ወጥ እየጨመርኩላቸው። ሊድሩኝ የተቀመጡ ነው የመሰለው። ደሜ ፈላ።

ረቡዕ፣ 7

አባባ ቱርክ ደወለ። ሰውዬው ያለበት ከተማ ከት/ቤቱ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው። ይኸው! አልኩ። ምን ቢል ጥሩ ነው? ከጎንደር አዲስ አበባም አንድ ቀን ነው፣ ምን አላት አለ። ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሐሙስ፣ 8

እራት ላይ እንደገና ፖላንድ አልኩ። አባባ እዚያ ብታመም ማን እንዳለኝ ጠየቀኝ። እውነትም ማንም የለኝም።

የመለሰችው እማ ናት። በእኔ ጉዳይ አባባ ፊት ተናግራ አታውቅም።

«እኔን ከአዲ አርቃይ ስታመጣኝ እዚህ ማን ነበረኝ?»

አባባ ምግቡን ትቶ እጁን ታጠበ። ያሰብሽውን አድርጊ አለኝና ለሶላት ወጣ።

በደስታ ልዘል ሲገባኝ ፈራሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስናደድ፣ መፍራቴን አላየሁትም ነበር። ዕቃ ስናጥብ ለእማ ነገርኳት። አይዞሽ ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጎንደር የመጣች ጊዜ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ታለቅስ እንደነበር ነገረችኝ። ለማን ነገርሽ? አልኳት።

«ለማን ብዬ? ይኸው ላንቺ ነገርኩሽ» አለችኝ፣ ድስቱን እየፈተገች።

ነገ ጠዋት ፖላንድ ብዬ እፈርማለሁ። ካለቀስኩም ለእሷ ደውዬ አለቅሳለሁ።