መብራት አልጠፋም ነበር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ መቐለ

ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ የቡቃያ ማሳደጊያ ሳህኖቹን ስከፍት ሁሉም ነጭ ልጋግ ለብሰዋል። ዝናብና ነፋስ የማይጥለው ጤፍ ላገኝ፣ አግሮባክቴሪየም በሚባል ባክቴሪያ አማካኝነት ዘረመል አስገብቼ ሰባት ወር ያሳደግኋቸው ቡቃያዎች በሙሉ ሞተዋል። ልጋጉ ያልሞተው ባክቴሪያ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ እሱን የሚገድለው መድኃኒት ጊዜው ያለፈበት ነበር። እያወቅሁ ነው የተጠቀምኩት፤ አዲሱ እስኪመጣ መጠበቅ አቃተኝ። አሁን እንደገና ልጀምር ብልም የመመረቂያዬ ጊዜ አይበቃኝም።

አማካሪዬ ሲደውሉ፣ “መብራት ጠፍቶ ነው” አልኳቸው።

“አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም” አሉኝ።

የላቦራቶሪያችንን ዕቃ የሚያጥቡት አደይ ለተብርሃን አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር። ስልኩን ስዘጋ፣ “መብራት ደግሞ መዓስ ጠፋ፣ ጓለይ?” ብለው መቼ እንደጠፋ ጠየቁኝ።

ሳህኖቹን ከእጄ ተቀብለው ሄዱ። ማታ ስንለያይ እንደ ወትሮው “ደሓን ሕደሪ” ብለው አልተሰናበቱኝም።