የተደበቀው ወር፦ የሕፃን ዜማ ደመላሽ የሕይወት ታሪክ

ሕፃን ዜማ ደመላሽ ከአባቷ ከአቶ ደመላሽ ውበቱና ከእናቷ ከወይዘሮ የብርጓል ዘመነ በምሥራቅ ጎጃም፣ በሉማሜ ከተማ መስከረም 14 ቀን 2011 ዓ.ም. ተወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ወለተ ሐዋርያት ተባለች።

ስትወለድ የጀርባዋ ታችኛው ክፍል ክፍት ነበር። ያየ ሁሉ ዓይኑን ከሕፃኗ ወደ እናቷ አዞረ። «ምን ሠርታ ይሆን?» ተባለ። ይህን ያሉ ዛሬ እዚህ ለቅሶ ላይ ተቀምጠዋል፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። እናቷ ምንም አልሠራችም። ቀዶ ጥገና ያደረገላት ሐኪም እንዳስረዳው፣ የጽንስ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚጀምረው ከአንድ ስስ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል። ከዙሪያው የሚመነጩ ኬሚካሎች እንደ መልእክተኛ ሆነው አንዱን ሴል ነርቭ ሁን፣ ሌላውን ቆዳ ሁን፣ ያኛውን ወዲያ ሂድ ይሉታል። ቱቦው በአራተኛው ሳምንት መዘጋት አለበት። የዜማ ሳይዘጋ ቀረ። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ኪኒን ይህን ችግር ሁሉንም ባይሆን ብዙውን ይከላከላል፤ ግን ከእርግዝና በፊት ከተጀመረ ነው።

በሰፈራችን ደግሞ ጽንስ ይደበቃል። አያቷ ወይዘሮ አይናዲስ ለምራታቸው «ሆድሽ ራሱ እስኪናገር አፍሽን ዝጊ፤ የሰው ዓይን ያስወርዳል» አሏት። ክፋት አስበው አይደለም፤ እሳቸውም የተባሉት ይህንኑ ነው። እናቷ ጤና ጣቢያ የሄደችው በአምስተኛው ወር ነው። ኪኒኑን ሰጧት። ነገሩ ካለቀ በኋላ መልእክተኛ ሰደዱላት።

በ2017 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ሄዳ «ሽንቷን አትቆጣጠርም፤ ልጆች ይረበሻሉ» ተብላ ከበር ተመለሰች። ስለዚህ ፊደል የቆጠረችው በአባቷ ሻይ ቤት ደጃፍ፣ ፊት ለፊት ከሚቆሙት አውቶቡሶች ታፔላ ላይ ነው። እግሮቿ ባይሄዱም ድምፅዋ ማርቆስ ይደርስ ነበር። «አንተ ረዳት፣ ሞልቷል እኮ! የጫንኸው ሰው ነው እንጂ ጤፍ አይደለም!» ስትል ተሳፋሪው ይስቃል። ረዳቱ ሙራድም «እሺ፣ የኔ ትራፊክ» እያለ አንድ ሰው ያወርድላት ነበር።

በጭንቅላቷ የሚጠራቀመውን ውኃ ወደ ሆዷ እንዲያወርድ ሐኪሞች በጨቅላነቷ ያስገቡላት ቱቦ ባለፈው ኅዳር ተደፈነ። ዜማን ራሷን ባመማት ቀን እናቷ «ቱቦው ነው» ብላ ነበር። ዘመድ ሁሉ «አንቺ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን! ጉንፋን ነው» አላት። ለሕክምና አዲስ አበባ ሲደርሱ ጊዜው አልፎባቸው ነበር። ዜማ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባት ዓመቷ አረፈች።

አባቷን፣ እናቷንና አያቷን ትታለች። ማንም ያልሰማውን አንድ ታናሽም ትታለች፤ እናቷ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ኪኒኑን የጀመረችው ሳትፀንስ፣ ባለፈው ነሐሴ ነው። አያቷም ይህን የሚሰሙት አሁን፣ ከእናንተ ጋር ነው። እናቷ ትፈራለች፤ ይህንንም የጻፈችው እየፈራች ነው። ዳግመኛ ግን አትደብቅም። ለማግባት የተሰናዳችሁ ሁሉ፣ ሆዳችሁ እስኪናገር አትጠብቁ።

የዜማን ነፍስ እግዚአብሔር ማንም ከበር ከማይመልሳት ቤት ያስገባት። አሜን።