አባባን በግራ እጁ ያበላው መጽሐፍ

ለእህቴ ለወሲላ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ከቤትሽ አይለይ። እትዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ሰሌዳ ፊት ቆመሽ ስትውዪ ዛሬም ይነሣብሻል? ባልሽ ፈትሒ እንዴት ነው? ዩስራና አይመንስ? የነዝዋ ከተማችሁ ሙቀት ዘንድሮ በጊዜ ጀመረ ብለሽኝ ስለነበር እንደምን ሆናችሁ ይሆን እያልኩ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፣ አልሐምዱሊላህ። እንዲያውም ወፍሬያለሁ፤ ያምናው ቀሚሴ አልገባም ብሎኛል። አባባም ደህና ነው። ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ ይንቋቋል፤ ምላሱ ግን እንደምታውቂው ነው፣ ዕድሜ አልነካውም።

ይህን ወሬ በስልክ ያልነገርኩሽ ሆን ብዬ ነው። በስልክ አንቺም ትቸኩያለሽ፣ እኔም እቸኩላለሁ፣ አባባም ከጎኔ ሆኖ «ስለ ዓሣው ዋጋ ንገሪያት» እያለ ይጎነትለኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍላት አልኩ። ሻይሽን ቅጂና ረጋ ብለሽ አንብቢው።

የልጆች መጽሐፍ ሥዕል መሥራት ከጀመርኩ ይኸው ሃያ ዓመት አለፈኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ትዝ ይልሻል? ለአንደኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ፍየሎች ሣልኩና አንቺ አይተሽ «ሦስት ውሻ ሲደመር ሁለት ውሻ» ብለሽ አስለቀስሽኝ። ያን ቀን እማማ የጎረቤታችንን የከልቱምን ፍየል ከነገመዷ ጎትታ ወጥ ቤት ድረስ አስገባችልኝና «በይ አሁን እያየሽ ሣዪ» አለችኝ። ፍየሏ ሽንኩርቱን ሁሉ በልታ ጨረሰች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ያላየውን ነገር ሥዬ አላውቅም።

ስፋቅስ ከተማ ያለችው ክፍሌ በብሩሽና በቀለም ብልቃጥ ተሞልታ መተኛዬ እየጠበበ ሄዷል። ቢሆንም ጠዋት ተነስቼ ወረቀቱን ውሃ ሳስነካው ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለፈው ወር አንድ ትምህርት ቤት ጋብዘውኝ ሄጄ ነበር። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «እውነት አንቺ ነሽ የሣልሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ ለምን ትልቅ ሰው ሆንሽ?» አለችኝ። መምህራኑ ሳቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አምና የላክሁልሽ መጽሐፍ፣ ባለ ስምንት ክንዱን ኦክቶፐስ ስለሚያጠምደው ሽማግሌ የጻፍኩትና የሣልኩት፣ ከጠበቅነው በላይ ተወዶልናል። ሽማግሌው አባባ መሆኑን ደሴታችን ሁሉ ያውቃል። ጆሮው፣ ቆቡ፣ የማጥመጃ ገንቦዎቹን በገመድ አስሮ ወደ ባሕር ሲያወርድ ጎንበስ የሚልበት አኳኋን፣ ሁሉም እሱ ነው። ወደ ስፋቅስ በሚያሻግረው መርከብ ላይ ትኬት ቆራጩ ሲያየው «የመጽሐፉ ሰውዬ መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት!» ይላል። አባባ «ተወኝ እባክህ» ይላል እንጂ በዚያ ሰሞን ስፋቅስ ጉዳይ ሳይኖረው ሁሉ መመላለስ አብዝቶ ነበር። ኩራቱን እሱ ቢደብቀውም ቆቡ ያሳብቅበታል፤ በየሳምንቱ ያሳጥበዋል።

በብርዱ ወራት መጨረሻ ሞንሰፍ ከቱኒስ ደወለልኝ። አሳታሚዬን ታውቂዋለሽ፣ ያ ገና ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ የሚስቀው። «ረፊቃ፣ ተቀመጪ። ቆመሽ እንዳትሰሚኝ» አለኝ። ከባሕር ማዶ፣ ከሰሜን አገር፣ አሳታሚዎች መጽሐፉን በራሳቸው ቋንቋ ሊያወጡት ፈልገዋል። ከስንት ዓመት ልፋት በኋላ ሥራዬ ከአገር ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ እልል አልኩ፤ ጎረቤቶቼ ያገባሁ መስሏቸው መጡ።

የሙከራ ቅጂው ሲደርሰኝ ወዲያው ወደ ደሴቱ ይዤው ሄድኩ። የእኛ የዐረብኛው መጽሐፍ ከቀኝ ተከፍቶ ወደ ግራ ይሄዳል፤ የእነሱ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ስለዚህ ገጹ እንዲሰምርላቸው ሥዕሎቹን ሁሉ እንደ መስታወት ገልብጠዋቸዋል። አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ይህ ምን እንደሚያመጣ ከወዲሁ ገብቶሻል። እኔ ግን ሰማያዊው ቀለም ደፍርሶ ይሆን፣ የወይራው ቅጠል ጠቁሮ ይሆን እያልኩ ሳገላብጥ ምንም አልታየኝም። ሞንሰፍም አላየውም።

ያየው አባባ ነው። መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን እያራሰ ገጽ በገጽ ሄደ። ከመሐል ላይ፣ ሽማግሌው ከባሕር ተመልሶ ኩስኩሱን የሚበላበት ትልቁ ሥዕል ላይ ሲደርስ ቆመ። የራሱን እጆች አየ፣ እንደገና ሥዕሉን አየ። «ይሄ ማነው?» አለኝ። አንተ ነሃ፣ አባባ፣ አልኩት። «እኔ አይደለሁም» አለ። «እኔ በቀኜ ነው የምበላው።» ሳየው እውነትም ሽማግሌው ማንኪያውን በግራ እጁ ይዞ፣ ከትሪው በግራ እጁ እየዛቀ ነው። ቀኙ ጉልበቱ ላይ ዝም ብሏል።

ጎረቤታችን ከልቱም በዚያው ሰዓት የሀሪሳ ድልህ ልትበደር ገብታ ነበርና ይህን ስትሰማ በሳቅ ልትፈነዳ ደረሰች። «ኧረ ጉድ! በየማለዳው ቀኝ አውለኝ እያለ የሚወጣውን ሰውዬ እንዲህ አድርጋችሁ ላካችሁት? ኸሚስ፣ በግራህ ከበላህ ለመሆኑ ለመጸዳጃ የተረፈህ የትኛው ነው?» አለችው። እኔ ከሳቄ ጋር ታገልኩ። አባባ ግን አልሳቀም። መጽሐፉን ዘጋና ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ልጆች ናቸው አይደል የሚያዩት?» አለ። «ልጅ ያየውን ነው የሚይዘው። እናታችሁ ስንት ጊዜ በማንኪያ ጀርባ መትታ ያስለቀቀቻችሁን ነገር እኔ በስተርጅናዬ ለሰው አገር ልጅ ላስተምር?» አለና ወደ ግቢ ወጣ። በዚያ ሳምንት ወደ መርከቡ አልወረደም። ቆቡንም አላሳጠበም።

ሞንሰፍን ስነግረው ራሱን ያዘ። «ረፊቃ፣ የእነሱ ልጆች በፈለጉት እጅ ነው የሚበሉት፣ ማን ያስተውላል? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። ብንነዘንዛቸው ይተዉናል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሊተዉን ይችሉ ነበር። ሁለት ቀን ወዲያና ወዲህ አልኩ። ይህን መጽሐፍ እንዳጣው አልፈልግም፤ አባባም በገዛ ልጁ እጅ እንዲያፍር አልፈልግም። በመጨረሻ ደፍሬ ለባሕር ማዶዎቹ አሳታሚዎች አዘጋጅ ጻፍኩላት። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፣ ሌሎቹን ትናንሽ ሥዕሎች እነሱ እንደሚያስተካክሉ፣ የምሳውን ትልቁን ሥዕል ግን እኔ በወሩ መጨረሻ አዲስ ካደረስኩ እንደምትቀበለኝ፣ ካልደረሰ ደግሞ መጽሐፉ ለሌላ ዓመት እንደሚተላለፍ ነገረችኝ። በእኛ ሥራ ለሌላ ዓመት ማለት ለዘላለም ማለት ነው።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ማንኪያውን ከግራው አውጥቼ ለቀኙ ሰጠሁት። ወሲላ፣ ምን ልበልሽ፣ ሽማግሌው ራሱ ኦክቶፐስ ሆኖ ቁጭ አለ! ሰውነቱ ስለተገለበጠ ቀኝ ክንዱ የቀረው ከወዲያ በኩል ነው፤ ጎትቼ ሳመጣው ከጎድን አጥንቱ የበቀለ መሰለ። ስንት ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ። መላው አንድ ብቻ ነው፤ ሰውነቱ ወደ ተገለበጠው አቅጣጫ እንዲዞርልኝ አባባ ከልማዱ ቦታ ተነሥቶ ከትሪው ማዶ ተቀምጦ፣ በቀኙ እየበላ፣ እኔ እያየሁት መሣል አለብኝ።

ከትሪው ማዶ ደግሞ የእማማ ቦታ ነው። ከሞተች ጀምሮ እዚያ ፍራሽ ላይ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። እኔ ስመጣ ከጎን ነኝ፣ ከልቱም እንኳ ከነድፍረቷ ዞራ ነው የምታልፈው። ብጠይቀው እንደማይሆን እያወቅሁ ጠየቅሁት። አባባ ፍራሹን አየና «እዚያ ሰው አለበት» አለኝ። ትሪውን አንሥቼ ወጣሁ። አንቺ ራስሽ ከቀብሯ ወዲህ ለምን እንደማትመጪ ስጠይቅሽ «ባዶ ቦታዋን ማየት አልችልም» ያልሽኝ ትዝ አለኝ። የአባትሽ ልጅ ነሽ። ብሩሾቼን አጥቤ ወደ ሻንጣዬ መለስኩ፤ ለሞንሰፍም ነገሩ አልሆነም ብዬ ልደውልለት ወሰንኩ።

በማግስቱ ምሳ ሳቀርብ አባባ እጁን ታጥቦ መጣና እንደ ልማዱ አልተቀመጠም። ከዚያ ትሪውን ዞሮ ቢስሚላህ ብሎ እማማ ቦታ ላይ ተቀመጠ። «ምን ታፈጫለሽ? ሣዪ እንጂ፣ ኩስኩሱ ቀዘቀዘ» አለኝ። ሮጬ ወረቀቴን አመጣሁ። እሱ ይበላል፣ እኔ እሥላለሁ። ጥቂት ከጎረሰ በኋላ ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ቀና ብሎ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ ያያል። ምን ሆንክ አልኩት።

«ከዚህ በሩ ይታያል» አለ።

እኔ ገና አልገባኝም ነበር። «አርባ ዓመት ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው የበላሁት» አለኝ። «እሷን ደግሞ ብይ፣ ዓይንሽ ምን ይንከራተታል እያልኩ እቆጣት ነበር። እናንተ ስፋቅስ ለትምህርት ስትሄዱ፣ መርከቡ ሲዘገይ፣ እህትሽ አግብታ ስትርቅ፣ ለካ ቁጭ ብላ በሩን ነበር የምታየው። አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም።» እንባው ጢሙ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም። ያን ያህል ሲያለቅስ በቀብሯም ቀን አላየሁትም። ቢሆንም መጉረሱን አላቆመም፤ ሥዕሉ እንዳይበላሽብኝ ነው መሰለኝ።

ሥዕሉ እንደዚያ ያለ ወጥቶልኝ አያውቅም። ከመጀመሪያው ይሻላል፣ ይህን ስልሽ ለመኩራራት አይደለም። በድሮው ሥዕል ሽማግሌው ወደ ትሪው አቀርቅሮ ነበር፤ በአዲሱ ማንኪያውን በቀኙ ይዞ ቀና ብሎ ያያል። ከወሩ መጨረሻ በፊት ላክነው፤ ተቀበሉት። ሞንሰፍ «ድሮውንም እንደገና ይሣል ያልኩት እኔ ነኝ» እያለ ነው አሉ፣ ከማን ጋር እንደተነዛነዝኩ እንጃ። አባባም ቆቡን አሳጥቦ ወደ መርከቡ ወርዷል። አዘጋጇ ብቻ አንድ ጥያቄ ጻፈችልኝ። ልጆቹ ስለሚጠይቁ፣ ሽማግሌው ማንን ነው የሚያየው፣ በሚቀጥለው ገጽ የሚመጣ ሰው አለ ወይ አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ጨነቀኝና አባባን ጠየቅሁት። እሱ ምንም አላቅማማም። «ወሲላን ነው በያት» አለኝ።

እትዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ ወደ ቀድሞ ቦታው አልተመለሰም። ቁርሱንም ምሳውንም እዚያው ነው፤ በሩ በነፋስ ገርበብ ባለ ቁጥር ከእኔ ቀድሞ ቀና ይላል። ስለዚህ የእማማ ቦታ ባዶ አይደለም። ባዶው የእሱ ነው። ረመዳን ሊገባ ነው፣ ከዒዱ በፊትም ትምህርት ቤታችሁ ይዘጋል። ነይና እዚያ ተቀመጪ። በሩን እሱ ያይልሻል።

ፈትሒን በብዙ ሰላም በይልኝ፤ የጠየቀኝን የወይራ ዘይት አስቀምጬለታለሁ፣ መጥቶ ይውሰድ። ዩስራን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ የላከችልኝ የግመል ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ነው፣ ከእኔ ፍየሎች ይሻላል። አይመንን ደግሞ አያትህ ዋና ላስተምርህ ያለህን አልረሳም፣ ገንቦ ማውረድም ያስተምርሃል በይው። ከልቱም እንደ ልጇ ሰላም ብላሻለች፣ ሀሪሳውን እስከ ዛሬ አልመለሰችም። አባባ ሰላምታ እንዳልጽፍለት ነግሮኛል፤ ስትመጣ ራሴ እላታለሁ ብሏል።

የምትወድሽ ታናሽሽ፣
ረፊቃ

ክራተን፣ የቀርቀና ደሴት
ሜይ 6 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.