ትርጓሜውን ማን ነገራት?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

አምስት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ። ድምፄ ተዘግቷል። ከሰባተኛ «ለ» ጋር ልቦለዱን ጀምረናል፤ አንድ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ። አንዱ ያነባል፣ አራቱ ይጋፋሉ። ታሪኩ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ነው... ጦር ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑን ብራናዎች በታንኳ ወደ ደሴት የምታሸሽ ልጅ። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። በየዓመቱ ሳስተምረው ግን ታንኳው ባይደርስም ግድ የሌለኝ ደረጃ ላይ ደርሻለሁ።

«ሐይቁ አኮረፈ» የሚለው ምን ዓይነት ዘይቤ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ሰውኛ ዘይቤ እንዲሉኝ ነው። ቢያዝን የሚባለው ተማሪ ተነሥቶ ሐይቅ አያኮርፍም፣ ጸሐፊው ዋሽቷል አለ። ቤታቸው ጣና ዳር ነው፤ ማን ይከራከረዋል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

አንብቦ የመረዳት ፈተና ሰጠሁ። መጽሐፎቹን አስቀድሜ አሰብስቤ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ። የወረቀቱን ክምር ይዤ ቤት ገባሁ። እግሬን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ ማረም ጀመርኩ። ግማሹ ክፍል ተነጻጻሪ ዘይቤንና ተለዋጭ ዘይቤን አይለይም። ማን አስተማራቸው? እኔ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ካረምኳቸው ውስጥ አንዱ እንቅልፍ ነሳኝ። የፀደንያ። ከሐይቁ ማዶ ከዘጌ የመጣች ልጅ ናት፤ እዚሁ ከተማ ሹም አቦ ሰፈር፣ አክስቷ ዘንድ ነው የምትኖረው። ዝምተኛ። ጥያቄው «ልጅቱ ታንኳው የጫነው ጌሾ ነው ብላ ወታደሮቹን ለምን ዋሸቻቸው? በራሳችሁ ቃል ግለጹ» ይላል። የሷ መልስ ከመጽሐፉ አንድ ሙሉ አንቀጽ ነው፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። ሌሎቹም መልሶቿ እንደዚያው።

አንዱን መጽሐፍ ደብቃ አስቀርታለች... ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ደክሞኝ ነበር። ክፍሉ ፊት አስነሣኋት። ከየት ገለበጥሽው? መጽሐፉን የት ደበቅሽው? ዝም። «ይሄ ሌብነት ነው» አልኳት። ዜሮ ሰጠኋት፤ ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ አልኳት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አልመጣችም። አክስቷ ወለተ ኪዳን በእረፍት ሰዓት መጣች። አባትየው መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ለሚካኤል ማኅሌት ስላለባቸው ከበዓሉ በኋላ ነው የሚመጡት አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ መጀመሪያውንም አባቷን ለምኜ ነው ወደዚህ ያስላክኋት፣ አንድ ነገር ከሰማሁ እመልሳታለሁ ብለውኛል አለች። ከተመለሰች በዚያው ቀረች ማለት ነው።

ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ኩረጃ ኩረጃ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው። በርና መስኮት ዘግቼ ተኛሁ፤ ግን እንቅልፍ የለም። ትናንት ቁም ሳጥኑን አየሁት። መጽሐፎቹ ሙሉ ናቸው። የፈተናው ቀንስ ሙሉ ነበሩ? ያኔ ለምን አላየሁም?

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። መሪጌታም መጡ። ነጭ ጥምጣም፣ ነጭ ጋቢ፤ ልጃቸው ከኋላቸው። ወረቀቷን ሰጠኋቸው። ከመጽሐፉ ጋር እያስተያዩ ቀስ ብለው አነበቡት።

«እንዲህ ከሆነማ በቃሏ ይዛዋለች» አሉ። ወደ ልጅቱ ዞረው «በይ» አሏት።

ጀመረች። ዓይኗን መሬት ተክላ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው። በጣቴ መስመር በመስመር ተከተልኳት። ምዕራፍ ሦስት አለቀ፤ አራት ገባች። አንድ ቃል አልሳተችም። መጽሐፉ እጇ ላይ የሚደርሰው ስንቴ ነው? ሌሎቹ ሲያነቡ ሰምታ ነው የያዘችው። አዳማ ተወልጄ አድጌ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

እሺ፣ ታዲያ ለምን ዋሸቻቸው ለሚለው የራሷን መልስ ያልጻፈችው ለምንድን ነው አልኩ። የመለሱልኝ አባቷ ናቸው።

«ትርጓሜውን እርስዎ መች ነገሯት? እኛ ዘንድ ቃሉን ተማሪ ይይዛል፤ ትርጓሜውን መምህር ይሰጣል። ሳይሰጡት አፉን የከፈተ ደፋር ነው። እንዲህ ብዬ ያሳደግኋት እኔው ነኝ።»

ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው።

«ልጄን ሌባ ሲሏት ግን ማንንም አልጠየቁ» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

አንገቴን ደፋሁ። በክፍሉ ፊት ያልኩትን በክፍሉ ፊት አነሣለሁ አልኳቸው። እሱ የርስዎ ነገር ነው፣ እኔ ግን ልጄን ይዤ ልሂድና ላስብበት አሉ። በር ላይ ደርሼባቸው የምፈልገው የራሷን ሐሳብ ነው፣ እባክዎ ይፍቀዱላት ብዬ ለመንኳቸው። ልጃቸውን አስከትለው ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ክፍሉ ፊት ቆምኩ። ፀደንያ አልኮረጀችም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። የተናገርኩት ለባዶ ወንበሯ ነው። ከዚያ ቢያዝን እጁን አወጣ... ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?

ዜሮውን ለማስነሣት ርእሰ መምህሩ ጋ ገባሁ። አቶ አንዳርጋቸው ልጅቱ ከሄደች ለማን ነው የምናስተካክለው አሉኝ። ተከራከርኩ። በመጨረሻ ሰለቻቸውና ፈረሙ። ደስ እንኳ አላለኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው... ማንን ነው የምዋሸው? የዘጌውን ጀልባ ልጠብቅ ነው። የቡና ኬሻ ወረደ፣ የጌሾ እስር ወረደ፣ ሰው ወረደ። እሷ የለችም።

አንዲት ልጅ ከትምህርቷ አስቀርቻለሁ። ይሄው ነው። ሌላ ምንም ዘይቤ የለውም። በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ልብሴን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

መጥታለች! ስገባ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። መጽሐፎቹን አደልኩ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነን። እናትየዋ ልጇን ታንኳው ላይ አስቀምጣ ወደ ውኃው ትገፋታለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መንደሯ ትሄዳለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ ዞራ አታይም። ለምን አልዞረችም አልኩ። ደወሉ ሊደወል ነው... የመምህሩ መምሪያ ላይ ያለውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው፤ «የእናትየዋን ቆራጥነት ያሳያል»። ሁሉም አቀርቅሮ መገልበጥ ጀመረ።

ፀደንያ እጇን አወጣች። ተነሣች።

«አንድም» አለች።

ከኋላ የሳቁ ነበሩ። በነአባቷ ጉባኤ መምህሩ አንዱን ትርጓሜ ከተናገረ በኋላ የፊተኛው ሳይሻር ሌላው የሚጨመረው እንዲህ ተብሎ ነው። ዝም እንዲሉ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው።

«አንድም፣ ብትዞር ልጅቱ ትመለሳለች ብላ ፈርታ ነው።»

ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም፣ ማን ነገረሽ አልኳት።

«ማንም» አለች። «ትናንት ከጽዮን ቅዳሴ በኋላ አባቴ ወደቡ ድረስ ሸኙኝ። ጀልባው ሲነሣ ዞረው አላዩኝም።»

የሚስቅ ጠፋ። ጠመኔውን ሰጠኋት። የኔን አጥፍታ የሷን እንድትጽፍ ዳስተሩንም አቀበልኳት።

ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ከኔ ሥር ጻፈች።